ከዓባይ ማዶ እስከ መተማ፦ የስደተኞችና የረዳቶቻቸው መንገድ

ድልድይ ለመሥራት የሚነሣ መሐንዲስ በመጀመሪያ የሚመረምረው የወንዙን ስፋት፣ የውኃውን ከፍታ፣ የመሬቱን ጽናትና በላዩ የሚያልፈውን ጭነት ነው። ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚከለከል ግን በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ይህን የሚወስነው ድልድዩ ካለቀ በኋላ በጫፉ ላይ የሚቆመው ዘበኛ፣ ከዘበኛውም በላይ ዘበኛውን ያቆመው መንግሥት ነው። ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት ሥፍራ፣ በባሕር ዳር ከተማ አጠገብ በ1950ዎቹ ዓመታት የተሠራው ድልድይ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲያገለግል ብዙ እህልና ሸቀጥ አሳልፏል። ለታሪክ የሚከብደው ጭነቱ ግን በሚዛን ያልተመዘነው፣ ማለትም አገር ጥሎ የሚሸሸው ሰው ነው።

ዓባይ ማዶ የሚለው ስም ራሱ ስም አውጪው የት ቆሞ ይመለከት እንደነበረ ይናገራል። ስሙን ያወጣው በጎጃም በኩል ያለ ሰው መሆን አለበት፤ ከበጌምድር ለሚመጣ መንገደኛ ማዶው ባሕር ዳር ነውና። ወንዙ ለረጅም ዘመን የሁለቱ ጠቅላይ ግዛቶች፣ ኋላም የሁለቱ ክፍላተ ሀገር ወሰን ሆኖ ኖሯል። የቤዛዊት ኮረብታ ከነቤተ መንግሥቱ የሚገኘውም በዚሁ በማዶው በኩል ነው። ከድልድዩ ተነሥቶ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳር ራቅ ብሎ እየተከተለ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር የሚገባው መንገድ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጎንደር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ከአዘዞ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው ደግሞ ጭልጋን አልፎ መተማ ይወርዳል። ከመተማ ባሻገር ጋላባት ነው፤ ጋላባት ሱዳን ነው።

አንድ የከፍታ ነገር እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። የጣና ውኃ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ሲሆን መተማ ከ700 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ድንበር የሚሄድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ለመንገድ ሠሪ ይህ የተዳፋትና የመጠምዘዣ ጉዳይ ነው። በእግሩ ለሚሄድ ደገኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሰውነቱ ያልለመደው ሙቀት፣ የውኃ ጥምና የቆላ ወባ ይጠብቁታል። ወደ ኋላ የሚነገረው የሰው ሞት በአብዛኛው በዚህ የ1,000 ሜትር ልዩነት ውስጥ የተፈጸመ ነው።

ጣና ራሱ ከድልድዩና ከጥርጊያው መንገድ በፊት የመሸሸጊያ ሥፍራ ነበረ። በባሕሩ ላይ ያሉት ደሴቶች ሠላሳ ሰባት ያህል ሲሆኑ፣ በብዙዎቹ ላይ ገዳማት ተተክለውባቸዋል። ደሴት የሚከላከለው በግንብ ሳይሆን በውኃ ነው፤ ጠላት በፈረስ አይደርስበትም፤ ታንኳ የሌለው ሠራዊት ዳር ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም። ታንኳው ደግሞ ከደንገል የሚታሰር እንጂ በምስማር የሚመታ አይደለም። በዚህ ሙያ የታወቁት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች፣ ወይጦዎች፣ ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀውና ጠፍረው ይሠሩታል። ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው ከጥቂት ወራት አያልፍም፤ ነገር ግን በርካሽ የሚተካ፣ ማንም ዳር ላይ ሊደብቀው የሚችል፣ ሞተር የማያሰማ ዕቃ ነው። ለሸሺ ሰው ከዚህ የተሻለ መጓጓዣ ማሰብ ያስቸግራል።

በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ባስገደዱ ጊዜ፣ ይህ ሐይቅና ዳርቻው እምቢ ላሉት ሰዎች መጠጊያ ሆኗል። ከእነዚህ ውስጥ ታሪኳ በጽሑፍ የቆየልን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ የጦር አለቆች አንዱ ነበረ። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በ1609 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ ቤቷንና ባሏን ጥላ ወጣች፤ መነኰሰች፤ ከእኅተ ክርስቶስ ጋርም ማኅበር መሠረተች። ንጉሡ በሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ ወደሚገኘው ዠበይ ወደሚባል ቆላ አግዘዋት ሦስት ዓመት ቆየች። ሊያጠፏት ወደ ላኩበት በረሃ ግን ሌሎች ስደተኞች ተከትለዋት ሄዱና የመጀመሪያው ማኅበሯ በዚያው ቆመ። ኋላም በጣና ዙሪያ፣ በዘጌና በሌሎችም ሥፍራዎች ጭምር፣ ማኅበሮቿ ሰባት ደርሰዋል።

በ1664 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈውን ገድሏን የሚያነብ ሰው ተአምራቱን አልፎ ወደ ኑሮው ቢመለከት አስተዳደር ያገኛል። ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲሰበሰብ ምግቡ ከየት ይመጣል? በሽታ ሲገባ ወዴት ይዛወራል? የንጉሥ ወታደር መምጣቱ ሲሰማ በየትኛው ታንኳ ማን ይሄዳል? ወለተ ጴጥሮስ እነዚህን ሁሉ ስትመልስ ኖራለች። ስደተኛን መርዳት ከርኅራኄ ይልቅ የስንቅና የሥርዓት ሥራ መሆኑን በአገራችን ጽሑፍ ከሚያሳዩት ቀደምት ምስክሮች አንዱ ይኸው ገድል ነው ቢባል የተጋነነ አይሆንም። በ1624 ዓ.ም. አዋጁ ተሽሮ የቀደመው ሃይማኖት ሲመለስ ስደተኞቹ ወደየመንደራቸው ገቡ። እርሷ በ1635 ዓ.ም. አረፈች። መታሰቢያዋ ያለበት ቆራጣ ከዓባይ ማዶ ወደ ሰሜን፣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ይገኛል።

ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ደሴቶቹ ለብዙ ሹመኛና ለብዙ ባለ ደም መሸሸጊያ ሆነዋል። ይህን እየዘረዘሩ መሄድ ከርእሱ ያርቃል። ነገሩን ከሥር የለወጠው በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መግባቱ ነው። የስታራቼ ባለ መኪና ጦር ጎንደርን በመጋቢት ወር ይዞ ወደ ጣና ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ባሕር ዳር ተያዘች። ሞተር ጀልባ በሐይቁ ላይ መንሸራሸር ሲጀምር የደሴቱ የጥንት መከላከያ አከተመ። እንግዲህ መሸሻው ከውኃው ወደ በረሃው፣ ከገዳሙ ወደ ጠረፉ ተዛወረ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ የተፈጸመው ፍጅት ከተሰማ በኋላ አገር ጥሎ የሚወጣው ሰው በዛ። አንዳንዱ በጂቡቲ፣ አንዳንዱ በእንግሊዝ ሶማሊላንድ፣ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ደግሞ በደቡብ በኩል ወደ ኬንያ ወጣ። ኢየሩሳሌም የደረሱትም በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ዙሪያ ተጠጉ። ከጎጃምና ከበጌምድር የሚነሣው ሰው ግን መንገዱ አንድ ነው፤ ሱዳን። ይሁን እንጂ የዚያን ጊዜው ስደተኛ ጠረፉን ስላለፈ ብቻ ችግሩ አልተፈታለትም። እንግሊዝ በ1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ በይፋ ስላወቀች በግዛቶቿ የተጠለለው ኢትዮጵያዊ ለቅኝ ሹማምንቱ አሳፋሪ እንግዳ ሆነ። አያባርሩትም፤ ነገር ግን ጠመንጃ ይዞ እንዲመለስ አይፈቅዱለትም። በኬንያ የነበሩት በአይሲዮሎ ሰፈር፣ ኋላም በታቬታ በአጥር ውስጥ ተቀመጡ።

ይህ ሁሉ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ ወደ ዓለም ጦርነት ስትገባ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። ትናንት ሸክም የነበረው ስደተኛ ዛሬ ወታደር፣ አስተርጓሚና መንገድ መሪ ሆኖ ተፈለገ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ወደ ካርቱም መጡ። በዳንግላ ቆንስል ሆኖ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ በእግሩና በበቅሎ የለካው ቺዝማን በካርቱም የኢትዮጵያን ጉዳይ በሚከታተለው የስለላ ክፍል ተመደበ። ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ ወር ጠረፉን ተሻግሮ በጎጃም ከሚገኙት አርበኞች ጋር ተገናኘ። ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ።

በዚህ ዘመቻ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት አንድ ጦር አለ። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር የሚባለው ከታቬታ ሰፈር ከተመለመሉ ስደተኞች የተቋቋመ ነበረ። እነዚህ ሰዎች ከኢትዮጵያ በደቡብ ወጥተው፣ በኬንያ በአጥር ውስጥ ከርመው፣ በሱዳን በኩል ዞረው ጎጃም ገቡ። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በቡሬና በደምበጫ መካከል ወደ ደብረ ማርቆስ ከሚያፈገፍገው የኢጣሊያ ጦር ፊት ለፊት ተገናኙ። ጠላት በቁጥር በብዙ እጥፍ ይበልጣቸው ነበረ፤ ከታንክና ከአውሮፕላን ጋር ነበረ። ጥሶ አለፈ፤ ግን በብዙ ኪሳራ። በታቬታ አጥር ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ዳቦ ሲሰፍርለት የነበረው ሹም ይህን የሚያደርግ ሕዝብ እየመገበ መሆኑን ያውቅ እንደሆነ ያጠራጥራል።

ከነፃነት በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል የመተማው መንገድ በአብዛኛው የሰሊጥና የጥጥ ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛና የኮንትሮባንድ መንገድ ሆኖ ቆየ። ባሕር ዳር በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተማ ሆነች። ከኢጣሊያ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱ፣ በጢስ ዓባይም የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫው ተሠራ። ድልድዩ የዚሁ ግንባታ አንዱ ክፍል ነው። ለመገናኛ የተሠራ ነገር ለቁጥጥርም እንደሚመች ግን ያኔ ያሰበው ሰው ጥቂት ይመስላል። በታንኳ ዘመን ወንዙን ለመሻገር ሃያ ሥፍራ ይገኝ ነበረ፤ ዋና መንገዱ በድልድይ ከታሰረ በኋላ ለመኪና አንድ በር ብቻ ሆነ። አንድን በር ለመጠበቅ ደግሞ ጥቂት ወታደር ይበቃል።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ያዘ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ተብሎ በተጠራው እልቂት በከተሞች ብዙ ወጣት ተገደለ፤ ከዚያም የበለጠ ታሰረ። ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማስጻፍ ግድ ሆነ፤ በየኬላው ከአውቶቡስ መውረድ፣ መፈተሽ፣ ከየት መጣህ ወዴት ትሄዳለህ መባል የዘወትር ነገር ሆነ። ወደ ውጭ አገር በሕጋዊ መንገድ ለመውጣት የሚያስፈልገው የመውጫ ፈቃድ ለተራ ሰው የማይታሰብ ነበረ። እንግዲህ ከአዲስ አበባ፣ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ሊያመልጥ የፈለገ ሰው የዓባይን ድልድይ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ኬላዎችና የጎንደርን ፍተሻ አልፎ ነው ወደ ጭልጋ ቆላ የሚደርሰው። ከዚያ ወዲያ መኪና የለም፤ ሌሊት ሌሊት በእግር ነው።

የረዳቱ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ረዳት ሲባል አንድ ዓይነት ሰው ማለት አይደለም። የይለፍ ወረቀቱን አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ የቀበሌ ጸሐፊ ነበረ። ዘመዴ ነው ብሎ ለሁለት ሌሊት የሚያሳድር ባላገር ነበረ። ዋጋውን ተነጋግሮ፣ ግማሹን በቅድሚያ ተቀብሎ የሚነሣ መንገድ መሪም ነበረ። ከመንገድ መሪዎቹ ውስጥ ቃሉን ጠብቆ ጠረፍ ያደረሰ አለ፤ በረሃ መካከል ሲደርስ ከሽፍታ ጋር ተመሳጥሮ ያዘረፈም አለ። የስደተኞችን ትዝታ የሚሰማ ሰው ሁለቱንም በአንድ አፍ ሲነገሩ ያገኛል። የቆላው መንገድ በራሱ ከደርግ ሌላ ብዙ ጌታ ነበረው፤ በ1969 ዓ.ም. ኢዲዩ መተማንና ሁመራን ይዞ ነበረ፤ ኋላም ኢሕአፓ በጎንደር ገጠርና በቋራ በኩል ሲንቀሳቀስ ቆይቷል። ስደተኛው ለማን ምን ብሎ እንደሚመልስ ሳያውቅ ነው የሚሄደው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሱዳን የተጠለለው ከኢትዮጵያ የወጣ ሕዝብ፣ አብዛኛው ኤርትራዊ ሆኖ፣ በመቶ ሺዎች ይቆጠር ነበረ። አሜሪካ በ1972 ዓ.ም. አዲስ የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ከሱዳን ተነሥቶ በዚያ ለመስፈር የበቃው ኢትዮጵያዊ በአሜሪካ ከተሞች ዛሬ ለምናየው ማኅበረሰብ መሠረት ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ፍልሰት በሥርዓቱም በመከራውም ጎልቶ የሚታየው የቤተ እስራኤል ነው። ፈላሻ እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩት እነዚህ ሰዎች በጣና ሰሜናዊ ዳር በደምቢያ፣ በወገራ፣ በበለሳ፣ በሰሜን፣ በአለፋና በቋራ፣ እንዲሁም በትግራይ ይኖሩ ነበረ። ማረሻውን የሚቀጠቅጥላቸውን ቀጥቃጭ፣ ምጣዱንና እንስራውን የምትሠራላቸውን ሸክላ ሠሪ ጎረቤቶቻቸው ይፈልጓቸውም ይፈሯቸውም ነበረ። ስድቡ እዚህ መደገም አያስፈልገውም፤ አንባቢ ያውቀዋል። መሬት በአብዛኛው አልነበራቸውም፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲወጣ ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርሱትን መሬት አገኙ። ይህን ለደርግ ሳይቆጥሩለት ማለፍ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ያው መንግሥት በጥቂት ዓመት ውስጥ በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር፣ የዕብራይስጥ ትምህርትን ከለከለ፤ መምህራንና ሽማግሎችንም አሰረ።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. መካከል ደርግ ከእስራኤል የጦር መሣሪያ እየተቀበለ ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን እንዲሄዱ ፈቅዶ ነበረ። በጥር 1970 ዓ.ም. የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን የመሣሪያውን ነገር በአደባባይ ተናገረ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በሩን ዘጋ። በሩ ሲዘጋ በሱዳን በኩል መሄድ የግድ ሆነ። መንገዱን በመክፈት ስሙ በመጀመሪያ የሚነሣው ፈረደ አክሉም ነው። በትግራይ የተወለደ መምህር ነበረ፤ ደርግ ሲያሳድደው በ1971 ዓ.ም. ገደማ ሱዳን ገባ፤ ከዚያም ለእርዳታ ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው በእስራኤል የስለላ ድርጅት እጅ ገብቶ ዳኒ ሊሞር የተባለ ሰው ሊፈልገው ተላከ። ሁለቱ በካርቱም ተገናኝተው የመጀመሪያዎቹን ስደተኞች አወጡ፤ ሱዳን መድረስ ኢየሩሳሌም ለመድረስ ያስችላል የሚለው ቃልም ወደ ትግራይና ወደ ጎንደር መንደሮች ተመለሰ።

ቃሉ ከደረሰ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። ከብት በገበያ ዋጋው ረከሰ፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ እንዳይኖር ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይሸጥ ነበረ። ሙሉ መንደር በአንድ ሌሊት የተነሣበት ጊዜ አለ። ሰንበት በመንገድ ላይ ሲገባ እንሂድ ወይስ እንረፍ የሚለው ክርክር ከሽፍታ ፍርሃት ጋር የሚመዘን ከባድ ነገር ነበረ። ጉዞው ለአንዳንዱ ሁለት ሳምንት፣ ለአንዳንዱ ከወር በላይ ፈጀ። በዚህ ላይ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ተጨመረ። ጠረፉን ካለፉ በኋላም አይሁዳዊነታቸውን ደብቀው በገዳሪፍ አካባቢ ባሉ ሰፈሮች፣ በተለይ በኡም ራኩባ፣ ከሌላው ስደተኛ ጋር ተቀላቅለው መኖር ነበረባቸው። ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ወባ ብዙውን ሕፃንና ሽማግሌ ጨረሱ። በመንገድና በሰፈር ያለቀው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ 4,000 ይገመታል።

በእነዚህ ሰፈሮች ውስጥ ኮሚቴ የሚባሉ ወጣቶች ነበሩ። ሥራቸው አዲስ የመጣውን መቀበል፣ በስም መመዝገብ፣ በምሥጢር የሚመጣውን ገንዘብ ለየቤተ ሰቡ ማካፈል፣ የታመመውን ወደ ሐኪም ማድረስ፣ የሞተውን መቅበር፣ በቀጠሮውም ሌሊት ተራው የደረሰውን ቀስቅሶ ወደ መኪናው መውሰድ ነበረ። ተራ መስጠት ማለት አንዱን ማስቀደም ሌላውን ማቆየት ነው፤ ማቆየት ደግሞ በዚያ ሥፍራ ሞት ሊሆን ይችላል። በሱዳን ፖሊስ ተይዘው የተገረፉ አሉ። በውጭ አገር በታተሙት መጻሕፍትና በተሠሩት ፊልሞች ላይ ጎልተው የሚታዩት በቀይ ባሕር ዳር በአሩስ የጠላቂዎች መዝናኛ ሆቴል ከፍተው በስተጀርባው ሰው በጀልባ ሲያሻግሩ የነበሩት የእስራኤል ሰላዮች ናቸው። ሥራቸው ድፍረት የተሞላበት መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ሰላዩ ቢያዝ የሚጠይቀው መንግሥት ነበረው፤ የኮሚቴው ልጅ አልነበረውም።

ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. የሙሴ ዘመቻ የተባለው ተጀመረ። በካርቱም የአሜሪካ ኤምባሲ የስደተኞች ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ጄሪ ዊቨር ከሱዳን የጸጥታ ሹማምንት ጋር ነገሩን አቀነባበረ። ሰው በሌሊት ከገዳሪፍ በአውቶቡስ እየተጫነ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል፤ ከዚያ በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል ይበራል። አውሮፕላኖቹ የአንድ የቤልጅግ ኩባንያ ነበሩ፤ ኩባንያው ቀድሞ ከሱዳን ወደ መካ ሐጃጆችን ያመላልስ ስለነበረ በካርቱም መታየቱ ማንንም አላስገረመም። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ7,000 እስከ 8,000 የሚደርስ ሰው ተጓዘ። ወሬው በጋዜጣ ወጥቶ በእስራኤልም በይፋ ሲታመን የሱዳን መንግሥት በዓረቦች ፊት አፈረ፤ ታኅሣሥ 27 ቀን ዘመቻው ቆመ። መጋቢት 13 ቀን የአሜሪካ አውሮፕላኖች በገዳሪፍ አካባቢ ካለ ሜዳ ወደ 500 የሚሆኑትን አነሡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኒሜሪ ተገለበጡ፤ ምክትላቸው ዑመር አል ጠይብም በዚሁ ጉዳይ ተከስሰው ታሰሩ። ከባል የተለየች ሚስት፣ ልጁን ቀድሞ የላከ አባት በጎንደር መንደሮች ቀሩ። ወሬ የነዛው ሰው ምንም አስቦ ያድርገው፣ ይህ መለያየት ለስድስት ዓመት ቆየ።

ከዚያ በኋላ ድልድዩ እንደገና ይመጣል፤ አቅጣጫው ግን ተገልብጧል። በ1982 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያና እስራኤል ግንኙነታቸውን አድሰው በአዲስ አበባ ኤምባሲ ሲከፈት፣ የቀሩት ቤተ እስራኤላውያን ወደ ሱዳን መሄዳቸውን ትተው ወደ አዲስ አበባ መጉረፍ ጀመሩ። አንድ የአሜሪካ አይሁድ ማኅበር አውቶቡስና የጭነት መኪና እየተከራየ በዚያው ዓመት ከጎንደር አካባቢ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው አጓጓዘ። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋና መንገድ በዓባይ ማዶ አድርጎ ድልድዩን ተሻግሮ በባሕር ዳር የሚያልፈው ነው። ሌሎች በሥውር ወደ ሰሜን ያለፉበትን ኬላ እነዚህ በቀን፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ወደ ደቡብ አለፉት። ጦርነቱ በቅርብ ርቀት ይካሄድ ነበረ፤ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ባሕር ዳርም ከደርግ እጅ ወጣች።

አዲስ አበባ የደረሰው ገበሬ በኪራይ ክፍል ተጨናንቆ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ ብዙ ሰው ሞተ። ሞቱ የቀነሰው ክትባት ተሰጥቶ ጤና ረዳቶች ቤት ለቤት መዞር ከጀመሩ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ደርግ ሰዎቹን በቁጥር እየለቀቀ መሣሪያ ለማግኘት ይደራደር ነበረ። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለገበያ ማውጣት ከግፍ ሁሉ የከፋው ባይሆን እንኳ ከሁሉ የሚያሳፍረው ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥሎ ሸሸ። ለቀሩት ሹማምንት 35 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈል ስምምነት ተደረሰ፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ተወሰደ። ወንበራቸው ተነቅሎ ሰው እንደ ልብ እንዲይዙ በተደረጉት አውሮፕላኖች ውስጥ ከአንዱ ብቻ ከአንድ ሺሕ በላይ ሰው ወረደ። ስለ ጭነት የሚያስብ ባለሙያ ይህን ቁጥር ደግሞ ሊያነበው ይገባል፤ ሊሆን የቻለው ተሳፋሪው ከለበሰው በቀር ይህ ነው የሚባል ሻንጣ ስላልያዘ፣ አብዛኛውም ሕፃንና በረኃብ የከሳ ሰው ስለነበረ ነው።

የመተማው መንገድ ግን በዚህ አልተዘጋም። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ወደ ሱዳን የሸሸው ሕዝብ ከሰፈረባቸው ቦታዎች አንዱ ያው ኡም ራኩባ ነበረ፤ ለብዙ ዓመት ባዶውን የቆየው ሰፈር እንደገና ድንኳን ተተከለበት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ፍሰቱ ተገለበጠ፤ ከካርቱምና ከገዚራ የሸሹ ሱዳናውያን፣ በሱዳን ተጠልለው የኖሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ። በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ ሰፈሮች ተቋቋሙላቸው። በአካባቢው ውጊያ ስለነበረ ሰፈሮቹ በታጣቂዎች ተዘረፉ፤ ሰውም ተገደለ፤ ታገተም።

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት መጀመሪያ በባሕር ዳር ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ፤ ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ሲሆን፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ለብቻው መተላለፊያ አለው። በዚያው ሰሞን ከአውላላ ሰፈር በሺሕ የሚቆጠሩ ሱዳናውያን ዕቃቸውን ተሸክመው ወጥተው፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ተቀምጠው ነበረ።